የቂርቆስ ካርታና የዜግነቱ ፎርም

ቂርቆስን ቁማርተኛ ነው ብዬ በመንግሥት ወረቀት ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ፍሮግታውን የሚባል ሰፈር ያለችውን ጠባብ ቢሮዬን በጩኸት ይሞላት ነበር። እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ ወለወለና፣ «አይዳ፣ ቁማር አይደለም፤ ችሎታ ነው» አለኝ፣ የተሳሳተ ተማሪ በሚያርምበት ድምፅ።

እንጀራዬ የሰው ፎርም መሙላት ነው፤ ታክስ፣ ግሪን ካርድ፣ ዜግነት። ቂርቆስ አዲስ አበባ ሒሳብ ሲያስተምር ኖሮ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2001 ዲቪ ደርሶት መጣ። ሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ፣ እኛ ራምፕ የምንለው የመኪና ማቆሚያ ፎቅ መውጫ ላይ፣ በመስታወት የተከለለች ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሒሳብ ይቀበላል። የሚኖረው ክሪስታል በምትባል ጎረቤት ከተማ ነው፣ የሰው ምድር ቤት ተከራይቶ። ቅዳሜ እረፍቱ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኮምፒውተር ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ በገንዘብ ይጫወታል።

አንድ ቅዳሜ ሄጄ አየሁት። እንዲህ ያለ አሰልቺ ቁማር በሕይወቴ አላየሁም! እኛ ቁማርተኛ ሲባል የምናውቀው ኮቱን አስይዞ ሚስቱን የሚያስለቅሰውን ነው። ቂርቆስ ካርታ ይደርሰዋል፣ ያያል፣ ይጥላል። ደግሞ ይደርሰዋል፣ ይጥላል። ከአሥሩ ስምንቱን ጣለ። ለምን እንደጣለ ደግሞ በተማሪ ደብተር ይጽፋል።

«ካርታ ለሁሉም እኩል ነው የሚመጣው» አለኝ። «ልዩነቱ መቼ መጣል እንዳለበት ማን ያውቃል የሚለው ነው። ይሄ ፕሮባቢሊቲ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ።»

ሲያሸንፍ የሚያገኛት ትንሽ ነበረች፤ እሷንም አልደበቀም። ታክስ የደበቀ ዜግነት አያገኝም ሲባል ስለሰማ ካልጻፍሽልኝ አለ። ፎርሙ ደግሞ የቁማር ገቢ የሚል እንጂ የችሎታ ገቢ የሚል ቦታ የለውም።

«ቱቶሪንግ ነው ብለሽ ጻፊው» አለ።

«ማንን አስጠናህ?»

«የተሸነፉትን።»

ሳቄን ስጨርስ ቁማር ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ዓመት በተከታታይ ጻፍኩ።

አሁን ስለ ስመኝ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነውና። በ2003 ቂርቆስ ለስድስት ሳምንት አገር ቤት ሄደ፤ ዘመድ አገናኛቸው፣ ሽማግሌ ተላከ፣ ተጋቡ። እሱ ተመለሰ፣ እሷ ወለደች። ኤልሻዳይ የምትባለው ልጁ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ አንድም ቀን አላቀፋትም። በግሪን ካርድ ሚስት ማምጣት ዓመታት የሚፈጅ ወረፋ ነበር። ዜጋ ለሆነ ግን ወረፋ የለም። ስለዚህ በ2006 መኸር አምስት ዓመቱ እንደሞላ የዜግነቱን ፎርም ዘረጋንለት።

እየሞላን ሄደን አንድ ጥያቄ ላይ ቆምን። በሕገ ወጥ መንገድ ቁማር ተጫውተው ወይም ከሕገ ወጥ ቁማር ገቢ አግኝተው ያውቃሉ? በዚያው ሰሞን ደግሞ በኢንተርኔት ቁማር ላይ አዲስ ሕግ ወጥቶ ዜናው ሁሉ እሱ ነበር። ቂርቆስ በሰማበት ቀን ጨዋታውን ዘጋ፤ ተመልሶም አልከፈተውም። ያለፈው ግን በእኔ እጅ ጽሑፍ መንግሥት ቤት ተቀምጧል።

ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ችሎታ ካመዘነ ቁማር አይደለም የሚሉ አሉ፣ ዕድል ስላለበት ነው የሚሉም አሉ፣ ፍርድ ቤቱም እዚህ አንድ እዚያ ሌላ ይላል ብሎ አብራርቶ ሲያበቃ፣ «እኔ አላውቅም» አለን። አስከፈለንም። አላውቅምን በገንዘብ ስገዛ የመጀመሪያዬ ነው።

«ነዳጅ ማደያው ሁሉ ሎተሪ ይሸጣል» እያለ ተብሰለሰለ ቂርቆስ። «እኔን ራሴን በዕጣ አምጥተው!»

ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሰውን ለዜግነት ኢንተርቪው የሚያዘጋጁት ጋሼ ኃይለማርያም ግን ጭንቀት አያውቁም። የእሳቸው ዘዴ የታወቀ ነው፤ ግማሹ ሀበሻ በእሱ አልፏል። «የዚያ ገጽ ጥያቄ ሁሉ መልሱ ኖ ነው» ይላሉ። «ኖ፣ ኖ፣ ኖ እያልክ ትወርዳለህ፤ መሐላው ጋ ስትደርስ የስ፣ የስ፣ የስ። ሕገ ወጥ ነህ ያለህ ሰው አለ? የለም። በቃ፣ ኖ!»

«ሕጋዊ ነህ ያለኝም የለም፣ ጋሼ» አላቸው ቂርቆስ።

ራምፕ አብሮት የሚሠራው አብዱልሰመድ የወሎ ልጅ ነው፤ ነገር አያንዛዛም። «ለእኛ ለሙስሊሞች ችሎታም ሆነ ዕድል ሐራም ነው፣ ክርክር የለውም» አለው። «አንተ ግን አጥፍተህም ከሆነ አጥፍተህ ግባ እንጂ ዋሽተህ አትግባ።»

ቂርቆስ ሁለቱንም ምክር ይዞ ሄደ። ጣጣውም ከዚያ መጣ።

መጋቢት ላይ ኢንተርቪው ተጠራ። ድራይቭ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ሌላው ሰው በሩብ ሰዓት እየወጣ ሲስቅ የእኔው ሰው አርባ ደቂቃ ቆየ። ወንበሩ ቆረቆረኝ። ያቺን የጻፍኳትን ቃል እያሰብኩ ራሴን ረገምኩ፤ ለቅዱስ ቂርቆስም ጃንጥላ ተሳልኩ።

ውስጥ የሆነውን እሱ ነው የነገረኝ። ኦፊሰሯ መጠየቅ ስትጀምር ኖ፣ ኖ እያለ ወረደ። ቁማሩ ጋ ስትደርስም አፉ የለመደውን ኖ አለ። እሷ አለፈች፤ እሱ ግን እዚያው ቀረ። አብዱልሰመድ ጆሮው ላይ ቆሞ የሚናገር መሰለው። አፉ ብቻ ኖ እያለ ቀጠለ።

«ሙሉውን የታማኝነት መሐላ ለመፈጸም ፈቃደኛ ነዎት?»

«ኖ» አለ ቂርቆስ።

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ፈቃደኛ አይደሉም?»

«የስ! ማለቴ፣ ነኝ! እባክዎ ወደ ቁማሩ እንመለስ!»

ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመው። ቦርሳውን ከፍቶ የሦስቱን ዓመት የጨዋታ ደብተሮች ዘረገፈ። ስምንቱን ለምን እንደጣለ፣ ሁለቱን ለምን እንደያዘ አስረዳት፤ አሥራ አንደኛ ክፍልን እንዳለ አስተማራት ብል ይሻላል። አገላብጣ አየች። ተከሰው ያውቃሉ? አላውቅም። ታክስ ከፍለዋል? ይኸው። አሁንስ ይጫወታሉ? ሕጉን ከሰማሁ ወዲህ አንድም ቀን።

«ፖከር ችሎታ ይሁን ዕድል ጠበቆቹ ገና አልጨረሱትም፣ እኔም ዛሬ አልጨርሰውም» አለችው። «የነገሩኝን ጽፌዋለሁ። የሚያስከለክልዎ ነገር አላየሁበትም። አሁን መሐላውን እንደገና ልጠይቅዎ?»

«የስ!» ያለው መጠበቂያው ድረስ ተሰማ።

ወረቀቱን ይዞ ወጣ። አልፏል! እፎይ፤ ያን ቀን ስንት ጊዜ እፎይ እንዳልኩ አላውቅም። መኪና ውስጥ ገብተን ሁለታችንም እንደ ሕፃን ሳቅን፣ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀስን። በስልክ ካርድ ስመኝ ጋ ደወለና ከፍ አድርጎ አሰማኝ። ስለ ፖከሩ ነግሯት አያውቅም ነበር፤ አሁን ግን እውነት መናገር ጥሞት ሁሉንም ዘረገፈላት።

የካርዱ ደቂቃ እየቆጠረ ነው።

«ስመኝ፣ ቁማር አይደለም እኮ፤ ችሎታ...»

«ቆይ» አለችው። «እኔን በስድስት ሳምንት አይተህ ያገባኸኝ በችሎታ ነው በዕድል?»

ይህ ሰው ከእኔ ጋር ሦስት ዓመት ተከራክሯል፤ ከጠበቃ ጋር፣ ከጋሼ ኃይለማርያም ጋር፣ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተከራክሯል።

«በዕድል» አለ።

«ተመስገን» አለች ስመኝ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «በል እንግዲህ፣ የልጅህ እግር ሃያ አራት ቁጥር ነው። እዚያ በረዶ አለ ይባላል።»

ሞተሩን አስነስቼ በቀጥታ ወደ ጫማ መሸጫው ነዳሁ።