በጥቁር ልብስ ሐይቅ ዳር

እኔና ባለቤቴ አብረን ያየነው አገር ሁሉ የለቅሶ አገር ነው። ገሱባ የምትባለውን ከተማ ያወቅኳት የአጎቱ ልጅ ሲሞት ነው። ቦምቤን የማውቃት በለቅሶ ድንኳኗ ነው፤ ከድንኳኑ ውጭ ምን እንዳላት ብጠየቅ አልመልስም። ከሶዶ ወጥተን ለደስታ ብቻ የሄድንበት ቀን ቢፈለግ ቢፈለግ አይገኝም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። «ሲመቸን እንሄዳለን» ይለኝ ነበር። መስቀል ይለፍ፣ ልጅቷ ትመረቅ፣ ጣሪያው ይታደስ። መስቀሉም አለፈ፣ ልጅቷም ተመርቃ ሐዋሳ ሥራ ያዘች፣ ጣሪያውም ታደሰ። ከዚያ እሱ ግንቦት ላይ ሞተ።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰሌዳ ላይ የባሕር ዳርቻ ስስል ኖሬያለሁ። ሞገዱ እዚህ ጋ ድንጋዩን ይመታል፣ እዚህ ጋ ይሸረሽረዋል፣ ሲቆይ ዋሻ ይሆናል እላለሁ፤ ከዚያ አጠፋና ለሚቀጥለው ክፍል እንደገና እስለዋለሁ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ አይተሽው ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «አንቺስ ስለ ጨረቃ ስታወሪ ወጥተሽባት ነው?» ብዬ ዝም አሰኘኋት። መልሱ አሪፍ ነበር፤ እኔን ግን ብዙ ቀን ከነከነኝ።

በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት የትምህርት ቤታችን መምህራን ወደ ሃላሌ ወርደው ኦሞ ወንዝ ተገድቦ የተኛውን ሐይቅ ሊያዩ ተነጋገሩ። ገደል አለ፣ አሸዋ ያለበት ዳርቻ አለ፣ በጀልባ የሚገባበት ዋሻም አለ አሉ። የባለቤቴ ሙት ዓመት ገና አልደረሰም፤ ጥቁር ለብሻለሁ። እሄዳለሁ አልኩ።

ወሬው እኔን ቀድሞ ቤት ገባ። እትዬ በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። እትዬ የምላቸው የባለቤቴን ታላቅ እህት ነው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች እሱን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በቀብሩ ቀን ስወድቅ ደግፈው ያነሱኝም እሳቸው ናቸው፤ ይህን አልክድም።

«እውነት ነው እንዴ?» አሉኝ።

«እውነት ነው እትዬ።»

«ጥቁር ለብሰሽ ሽርሽር?»

«አሁን ሌላ ልብስ የለኝም እኮ» አልኳቸው። መቀለዴ አልነበረም፤ እሳቸው ግን እንደ ቀልድ ቆጠሩት።

«የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ልትዝናኚ ነው? ሰው ምን ይላል?» ብለው ብዙ ተቆጡ። ቁጣቸው በረድ ሲል ደግሞ መውጫ አበጁልኝ። «እሺ፣ ካልቀረሽ ጠበል ሄድኩ በይ። ወገቤን አሞኛል በይ። ለጠበል የሄደን ሰው ማን ይናገራል?»

ሊረዱኝ ፈልገው እንደሆነ አውቃለሁ። ደሜ የፈላው ግን እዚህ ላይ ነው። እንደኔ ያለች ሴት ለለቅሶ ትሂድ፣ ለንግሥ ትሂድ፣ ለጠበል ትሂድ፣ ሰው ሠርግ ላይ ወጥ ልታማስል ትሂድ፤ ማንም ምንም አይላትም። ውሃ ለማየት ብቻ ከቤቷ ከወጣች ግን ነክቷታል ይባላል። እኔ ደግሞ በጠበል አልቀልድም። አንድ ጊዜ ታምሜ ተጠምቄ ድኜበታለሁ፤ ለዚህም ነው መሸፈኛ የማላደርገው።

«በጠበል አልዋሽም እትዬ። ሐይቅ ነው የምሄደው።»

«እንግዲያው ለሙት ዓመቱ ብቻሽን ቁሚ» አሉና ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ።

ይህ ቀላል ዛቻ አይደለም። እሳቸው ከቀሩ የባለቤቴ ወገን በሙሉ ይቀራል። በሙት ዓመቱ የሟች ዘመድ ያልቆመላት ሚስት ደግሞ ተፈርዶባታል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ በዕድሩም በማኅበሩም የሚያያት ዓይን ሌላ ነው። ፈራሁ። ሳምንቱን ሙሉ ፈራሁ። ግን ሄድኩ።

የተከራየነው ቅጥቅጥ አውቶብስ ገሱባ ሲደርስ ያን የለቅሶ ግቢ ለየሁት። ድንኳኑ የለም፤ በሩ ላይ ሴቶች አቮካዶ ዘርግተው እየተሳሳቁ ይሸጣሉ። ገሱባ ውስጥ ሰው ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከገሱባ በኋላ መንገዱ አጥንት የሚያላቅቅ ኮረኮንች ነው። ሃላሌን አልፈን ወደ ቆላው ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ፤ ባልደረቦቼ ሹራብ አወለቁ፣ እኔ በጥቁር ቀሚሴና በጥቁር ነጠላዬ ተቀቀልኩ። ማንም ግን «አውልቂው» አላለኝም፤ እኔም አላወለቅኩትም። ኀዘኔን ትቼ አይደለም የሄድኩት፤ ለብሼው ነው።

ሐይቁ ድንገት ከመንገዱ ጠመዝማዛ ሥር ብቅ አለ። እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ገደሉ ቀጥ ብሎ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ውሃው ከፍ ብሎ የነበረበት ቦታ ድንጋዩ ላይ ነጣ ያለ መቀነት ትቷል። በሁለት አለቶች መካከል ትንሽ ግራጫ አሸዋ አለ፣ ጀልባዎቹ የሚቆሙት እዚያ ነው። ሳየው አለቀስኩ። ባልደረቦቼ ለባለቤቴ መስሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ለእሱ አልነበረም። ለራሴ ነው፤ ይህ ሁሉ ውሃ ከሶዶ በጥቂት ሰዓት መንገድ ላይ ተኝቶ እኔ በጠመኔ ስስል መኖሬ አናዶኝ ነው።

ጀልባው ላይ ስወጣ ጠርዙን በሁለት እጄ ጨብጬ ስዘገይ ባለጀልባው አየኝ። አማርኛው ላይ የወላይታ ዜማ አለው፣ ወንድና ሴት ብዙ አይለይበትም። «እማማ፣ አትፍራ» አለኝ።

«አዞ የለም?»

«አለ። እዚህ ድንጋይ ነው፤ እሱ ጭቃ ነው የሚወደው።»

እማማ መባሌ ከአዞው ይልቅ አናደደኝ።

ዋሻው አፍ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ በመቅዘፊያ አስገባን። ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር። ከውጭ የገባው ብርሃን ከውሃው ተመልሶ ጣሪያው ላይ ይርገፈገፋል፤ ሁላችንም አንጋጠን አየነው። ለተማሪዎቼ የምስለው ዓይነት ዋሻ አይደለም፤ ያን ሞገድ ነው የሚቆፍረው። ይህ ሐይቅ ገና ልጅ ነው፤ ድንጋይ ለመቆፈር ዕድሜውም የለውም። ዋሻው ድሮም ገደሉ ወገብ ላይ ደርቆ ተቀምጦ ነበር፣ ግድቡ ሲሞላ ውሃው ደጃፉ ድረስ መጣለት። እሱ ወደ ውሃው አልሄደም፤ እኔም ባሕር ድረስ ሄጄ አላውቅም። ዋሻውን ወደድኩት።

ከጣሪያው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ጎኔ የተቀመጠችው የባዮሎጂ አስተማሪ፣ የእትዬን ነገር የነገርኳት ወዳጄ፣ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሷን ከነጠብጣቡ ሥር ደቀነች። ጥቂት ሲጠራቀም ክዳኑን ጠምዝዛ ሰጠችኝ።

«ይህን ይዘሽ ግቢ» አለችኝ በጆሮዬ። «ጠበል ነው በያቸውና ተገላገይ።»

ተቀብዬ ከፈትኩትና ሐይቁ ውስጥ ደፋሁት። ተቀየመችኝ፣ ከዚያ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ዋሻው ሳቃችንን እያባዛ መለሰልን። ከቀብሩ ወዲህ ድምፄን አውጥቼ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። አሸዋው ላይ ስንመለስ ጫማዬን አውልቄ፣ ቀሚሴን ሳልሰበስብ፣ እስከ ጉልበቴ ገባሁ።

ወደ ማታ ስመለስ እትዬ ከሁለት የዕድር ሴቶች ጋር በረንዳዬ ላይ ነበሩ። አንደኛዋ ገና ሳልቀመጥ «ጠበሉ ተስማማሽ? ለእኛስ ይዘሽልን መጣሽ?» አለችኝ።

ገባኝ። እኔ አልዋሽም ብያቸው፣ እትዬ በእኔ ፈንታ ጠበል ሄደች ብለውልኛል። ቀና ብዬ አየኋቸው። ሲቆጡ እንጂ ሲለምኑ አይቻቸው የማላውቀው ሴትዮ በዓይናቸው ለመኑኝ። አንድ «አዎ» ብቻ ነበር የሚፈልጉት። ለእሳቸው አዘንኩ፣ ከልቤ አዘንኩ። ግን አዎ ካልኩ ያቺ ቀንም እንደ ገሱባ፣ እንደ ቦምቤ በሌላ ሰበብ የተሄደባት ልትሆንብኝ ነው።

«ጠበል አልሄድኩም» አልኩ። «ሐይቅ ነው የሄድኩት። በጀልባ ዋሻ ገባሁ፣ ውሃ ውስጥ ቆምኩ። ሳቅኩም።»

ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ወንድሜ ዛሬ ሞተ» አሉ።

«የለም እትዬ። እሱ የሞተው ግንቦት ላይ ነው። እኔ ነኝ ያልሞትኩት።»

እትዬ ተነሥተው ሄዱ፤ ሴቶቹም ተከተሏቸው። ቀሚሴን አጥቤ ከጓሮ ሳይሆን መንገዱ ከሚያየው ገመድ ላይ ሰጣሁት። ጉልበቱ አካባቢ የሐይቁ ደለል ቡናማ መስመር ትቶበት ነበር፤ ብፈትገው ብፈትገው አልለቅም አለ። ሌላ ጥቁር ቀሚስ ልገዛ እችል ነበር። አልገዛሁም፤ እሱኑ እየለበስኩ ከረምኩ።

ለሙት ዓመቱ እትዬ መጡ፣ ዘመዱም አብሮ መጣ። ለእኔ አይደለም፣ ለወንድማቸው ነው። ከእኔ ርቀው ተቀመጡ፤ ሰላምታዬን በጭንቅላት መለሱ። ምግብ ሲቀርብ ማስታጠቢያውን ይዤ እፊታቸው ዝቅ አልኩ። እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ውሃውን አፈሰስኩላቸው። ዓይናቸው ቀሚሴ ላይ፣ የሐይቁ መስመር ላይ አረፈና እዚያው ቆየ። ነጠላዬን ዝቅ አድርጌ ልሸፍነው እችል ነበር። አልሸፈንኩትም።