የሰናይት ጉንጭ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከእኛ ጋር በር ለበር የምትኖረው ሰናይት ጉንጯ ቲማቲም ነው የሚመስለው። ባሌ ባያት ቁጥር "ይቺ ልጅ ደም ግባት አላት" ይላል። እኔን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ቅናቱ ሲያንገበግበኝ ከረመና አንድ ጠዋት ጉንጬን በሊፒስቲክ አቅልቼ ወጣሁ።

ሰናይት ታክሲ ሰልፍ ላይ አየችኝና ደንግጣ ክንዴን ያዘች።

"ፊትሽ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የቀላው? እኔንም ሲጀምረኝ እንዲሁ ነበር። የአጥንቴ መቅኔ ደም ከልክ በላይ ያመርታል። ወፍሮ ከረጋ ስትሮክ ያመጣብሻል ስላሉኝ በየጊዜው እየቀዱ ይደፉልኛል። በይ ነይ፣ ዛሬውኑ ትመረመሪያለሽ።"

ሊፒስቲክ ነው ለማለት አፈርኩ። ክሊኒክ ድረስ ተከትያት ሄጄ ደም ሰጠሁ። ውጤቱ ደም ማነስ ይላል።

ሰናይት ወረቀቱን አንብባ እጄን ያዝ አድርጋ፣

"ምናለ የኔን ከሚደፉት ላንቺ ቢሰጡሽ" አለችኝ።