ጥግ ላይ ያለው ስም

በዘጠናዎቹ ዓመታት ኖርዌይ ውስጥ፣ ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር ማለት ነው፣ ሊንደበርግ በሚባል ሰፈር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ቤት መደበኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ቤታቸውን አጸዳለሁ፣ ሾርባ አሞቅላቸዋለሁ። የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ «ኖርዌይ ድረስ የመጣሽው ጣሊያን ልታገለግዪ ነው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ለመጽሔት በሥዕል የሚነገር ታሪክ ሲሥሉ የኖሩ ናቸው። ወደዚህ አገር ያመጣቻቸው ኖርዌጃዊት ሚስታቸው ሞታለች። አሁንም ጥቂት ገጾች እየሣሉ ወደ ሚላኖ በፖስታ ይልካሉ። ሁልጊዜ ፈረስና በረሃ ነው። በረሃ ግን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ውጭ በረዶው ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ውስጥ፣ በነጩ ወረቀት ላይ፣ ፈረሶቹ አቧራ እያስነሱ ይመጣሉ። መወልወያዬን ይዤ እንደቆምኩ የት አገር እንዳለሁ ይጠፋኝ ነበር።

መጀመሪያ በእርሳስ ይሥላሉ፣ ከዚያ በጥቁር ቀለም ይደግሙታል፤ ሲደርቅ እርሳሱ በላጲስ ይጠፋል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ላጲሱን ለእኔ ሰጡኝ። አንድ ቀን ሳጠፋ፣ ከታች ጥግ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ስማቸውን አገኘሁ።

«ይሄስ?»

«እሱንም አጥፊው፣ ሲኞራ። የመጽሔቱ አለቆች አይወዱም።»

«ሥዕሉን የሠራው ማን ነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው አላጠፋም።»

«አርባ ዓመት ሙሉ ሲጠፋ ኖሯል» አሉና ሳቁ።

«እኔ እጅ አልገባማ።»

ስሙን እንዳለ ትቼ ፖስታውን አሸግኩ። ከዚያ በኋላ ባቡር ላይ ስሄድ ስማቸው በፈረሶቹ መካከል ሲሄድ ይታየኝ ነበር። መጽሔቱ ሲመጣ ግን ጥጉ ባዶ ነው።

«ሰርቀውዎታል» አልኩ።

እስኪያስላቸው ሳቁ። «ማንም አልሰረቀኝም። ማተሚያው የሚያየው ጥቁሩን ቀለም ብቻ ነው፤ እርሳስ አይወጣም።»

እንደ እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት ይህን ከየት ታውቃለች። አፈርኩ፤ ግን አልተውኩትም። የሚቀጥለው ሥራ ሲያልቅ ላጲሱን ኪሴ ከተትኩና የቀለሙን ጠርሙስ ፊታቸው አስቀመጥኩ።

«መጀመሪያ ስምዎን በቀለም ይጻፉ፣ ከዚያ እርሳሱን አጠፋለሁ።»

 ብዕሩን ነክረው ጻፉ። ፊደሎቹ እንደ አዲስ ግልገል እግር ይንቀጠቀጣሉ።

አለቆቹ አይተው ይተዉት፣ ሳያዩት ይለፍ አላውቅም። ፀደይ ላይ መጽሔቱ መጣ፤ ስሙ ጥጉ ላይ አለ። ጣታቸውን አሳረፉበትና አላነሱም። ሾርባው እየቀዘቀዘ ነበር። ያን ቀን ይብሉ አላልኳቸውም።