ሁለት ራስ ቅል በአንድ ድስት

ሥራ የጀመርኩት ካዛንቺስ፣ በአንድ አሮጌ ቪላ ጓሮ በነበረ የእንስሳት ናሙና ክፍል ነው። አለቃዬ ጋሽ መርዕድ በመጀመሪያው ቀን ሁለት የደረቁ ቆዳዎች ዘርግተው ምን እንደሆኑ ጠየቁኝ። ሳልፈራ «ሁለቱም ሸለምጥማጥ» አልኩ። በሰፈሬ ዶሮ የሚሰርቅ ሁሉ ሸለምጥማጥ ነበር። ጋሽ መርዕድ እስኪያስላቸው ሳቁ።

አንዱ ፋሮ ነበር፤ ከድመትና ከጅብ ወገን ይመደባል። ጀርባው ላይ ነጭ መስመር ያለው ሌላው፣ በመዝገባችን ሙጭልጭላ የምንለው፣ ወደ ውሻ ወገን ያደላል። ቆዳቸው ሲገፈፍ ግን ራስ ቅላቸው ያምታታል። መፍትሔው ጥርስ ነው፦ በላይኛው መንጋጋ፣ ከትልቁ ሥጋ መቁረጫ ጥርስ በኋላ በየጎኑ ሁለት ካለ ፋሮ፣ አንድ ብቻ ካለ ሙጭልጭላ።

ሥጋውን ከአጥንቱ ለማላቀቅ ራስ ቅሉን በዝግታ እንቀቅላለን። ደንቡ ለአንድ ድስት አንድ ራስ ቅል ነው። እኔ በሁለተኛው ወር፣ ቀልጠፍ ልበል ብዬ፣ የአንድ ፋሮንና የአንድ ሙጭልጭላን አንድ ላይ ጣድኩ። በየራስ ቅሉ ላይ የታሰሩት መለያዎች ክር ላልቶ ወለቀ፤ የኋላ ጥርሶቹም ረግፈው ተቀላቀሉ። ጥርስ ሲወልቅ የሚቀረውን ጉድጓድ ማንበብ ገና አልተማርኩም ነበር። መለያዎቹን በግምት መልሼ አሰርኩና ዝም አልኩ።

ከዚያ ሥራውን ተካንኩበት። ጋሽ መርዕድ ጡረታ ሲወጡ የመሳቢያዎቹን ቁልፍ ለእኔ አስረከቡ። ክርክር ሲነሳ «አስካለን ጠይቋት» ይባል ነበር፤ ክብሩም ይገባኝ ነበር። እነዚያ ሁለት ራስ ቅሎች ያሉባቸውን መሳቢያዎች ግን ከፍቼ ቶሎ እዘጋቸው ነበር። ረሳሁት ብል ውሸት ነው።

ለጡረታዬ ሁለት ወር ሲቀረኝ ሜሮን የምትባል ተመራቂ ተማሪ የፋሮ ራስ ቅሎችን ልትለካ መጣች። በሦስተኛው ቀን አንዱን በመዳፏ ይዛ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች።

«እትዬ አስካለ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ። ፋሮ ሆና ከኋላ አንድ የጥርስ ጉድጓድ ብቻ ነው ያላት። ማለቴ፣ አዲስ ዝርያ ልትሆን ትችላለች እኮ። ነገ ለአማካሪዬ ፕረዘንት አደርጋለሁ።»

ከመዳፏ ተቀብዬ አገላበጥኳት። ዝም ብል እኔን ማንም አያውቅብኝም፤ የምትዋረደው ልጅቷ ናት።

«አዲስ አይደለችም» አልኳት። «ሙጭልጭላ ናት። ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ።»

የድስቱን ነገር ነገርኳት። የሙጭልጭላውን መሳቢያ አብረን ከፈትን፤ እዚያ ሙጭልጭላ ብዬ ያሰርኩት በየጎኑ ሁለት ሁለት ጉድጓድ ነበረው። ሜሮን ተከፋች፣ ደስታዋን ነጥቄአታለሁ። እንዲያም ሆኖ አዘነችልኝና አሮጌዎቹን መለያዎች ቀስ ብለን እናውጣቸው፣ ማንም አያይም አለችኝ።

በእኛ ሙያ አሮጌ መለያ አይጣልም። አዲሱ ከጎኑ ይታሰራል፤ ያረመው ሰው ስምም ይጻፍበታል። አዲሶቹን ጽፌ አሰርኩ። ስህተቱም እርማቱም በእኔ እጅ ጽሑፍ ዛሬም ጎን ለጎን ተንጠልጥለዋል።

ጡረታ ወጥቼም ለአዲስ ገቢዎች የምነግረው ይህንኑ ነው፦ ለአንድ ድስት አንድ ራስ ቅል።