በቆቦ የተሠራው የጨረር ጠመንጃ

ቆርቆሮ ሥራ የጀመርኩት ቆቦ ገበያው ዳር፣ አያ ሙሔ ቤት ነው። በመጀመሪያው ቀን የሰጠኝ ሥራ ባዶ የዘይት ጣሳ ከፍቶ ማቃናት ነበር። ጣሳውን በቆርቆሮ መቀስ በጎኑ ትቀደዋለህ፣ ክዳኑንና ቂጡን ታወጣለህ፣ የቀረውን በእንጨት መዶሻ እየመታህ ጠፍጣፋ ታደርገዋለህ። ስደበድብ ዋልኩ። አያ ሙሔ ከሶላት ሲመለስ አንዱን አንስቶ ወደ ፀሐይ አድርጎ አየው። ቆርቆሮው ታጥቦ ያልተሰጣ ነጠላ መስሎ ተጨማዷል።

"ከማን ጋር ተጣልተህ ነው የመጣኸው?" አለኝ። ከዚያም አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ መዶሻውን ላላ አድርጌ እንድይዝ አሳየኝ።

ሥራውን በየተራ ተማርኩ። መጀመሪያ ኩራዝ፣ ቀጥሎ የጣሪያ አሸንዳ፣ መጨረሻ ላይ የሙሽራ ሣጥን። በእኛ ሙያ ሣጥን የሠራ ሰው ባለሙያ ይባላል፤ ክዳኑ ዙሪያውን እኩል ገጥሞ መዘጋት አለበትና። ኩራዝ ደግሞ ቀላል ይመስላል እንጂ ብየዳው ትንሽ ከሳተ ጋዙ ያንጠባጥባል፣ የገዛችውም ሴት ከጎብዬ ድረስ ተመልሳ መጥታ በገበያ መሐል ትሰድብሃለች። እኔ ተሰድቤያለሁ።

አብዮቱ ከመጣ በኋላ ባለእጆች በማኅበር ተደራጁ ተባልን። አያ ሙሔ እርጅናውን ምክንያት አድርጎ ቤቱ ቀረ፤ እኔ ማኅበር ገባሁ። ማኅበሩ ቤት ብረት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ ነበር፣ የሚበሳ ትራፓኖ ነበር፣ ሰብሳቢም ነበር። ላሜራ ከመጋዘን የሚወጣው ግን ለታዘዘ ሥራ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ የሆነ ነገር የፈለገ ሰው ማታ ማታ ቤቴ ይመጣ ነበር።

መምህር ታደለም እንደዚያ ነው የመጣው። የሳይንስ አስተማሪ ነው፤ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ድርሰት የሚጽፈውም እሱ ነበር። ለአብዮት በዓል "ጭቁኖች በጨረቃ ላይ" የሚል ቲያትር ጽፏል። ኢምፔሪያሊዝም በምድር ላይ ተሸንፎ፣ አንድ ባላባት አስከትሎ ጨረቃ ላይ ይሸሸጋል፤ ጭቁኖች በሮኬት ተከትለውት ይሄዳሉ። ለዚህ ቲያትር አዲስ አበባ ተማሪ ሳለ በፊልም ያየው ዓይነት ጠመንጃ እንድሠራለት ፈለገ። ሥዕሉን በደብተር ወረቀት ላይ አምጥቷል። ሳየው ሰደፉ የሽጉጥ ነው፣ ወገቡ የማንቆርቆሪያ ነው፣ አፈሙዙ ላይ ደግሞ ቀለበት ቀለበት ተደርድሯል።

ምን እንደሚተኩስ ጠየቅኩት። ጨረር ነው አለ። ጨረር ምን እንደሆነ ስጠይቀው ብርሃን ነው አለ። ብርሃን ሰው ይገድላል ወይ አልኩት።

"ወደፊት በሚመጣው ዘመን ይገድላል አያ አረጋ። እኛ ብልጭ እንዲል ብቻ ነው የምንፈልገው" አለኝ።

መጀመሪያ የታሰበው ኢምፔሪያሊስቱ እንዲይዘው ነበር። የኪነት ኮሚቴው ተሰብስቦ ጠላት ከሰፊው ሕዝብ የተሻለ መሣሪያ ሊይዝ አይገባም አለ። ስለዚህ ጠመንጃው ለጭቁኖች ተሰጠ፣ ኢምፔሪያሊስቱ በጦር እንዲዋጋ ተወሰነ። መምህሩ ድርሰቱን እንደገና ጻፈው። ለእኔ ለውጥ የለውም፤ ቆርቆሮው ያው ነው።

ወገቡን ከዱቄት ወተት ጣሳ ሠራሁ። አፈሙዙን ከተበላሸ የብስክሌት መንፊያ አወጣሁ። ሰደፉን ከዋንዛ እንጨት ቀርጬ በብሎን አሰርኩት። የመበየጃ ካውያዬን ከሰል ላይ አግዬ በእርሳስ በየድኩና ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። ባለቤቴ ትርንጎ ገባች፣ ዞር ዞር ብላ አየችው።

"ሻይ ልቅዳበት?" አለች።

እውነቷን ነው፣ ቁርጥ ማንቆርቆሪያ ነበር። ብየዳውን አሙቄ ፈታሁትና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በዚህኛው ወገቡን አጠበብኩት፣ የኩራዝ አንገት እያጠፍኩ ለአፈሙዙ ቀለበት አደረግኩለት፣ ከሞተ ሬዲዮ ላይ ሁለት መዘውር ነቅዬ በጎኑ ገጠምኩ። ለብርሃኑ የትርንጎን የእጅ ባትሪ ከነድንጋዩ ውስጡ ቀበርኩት፤ አፉ ላይ ቀይ የከረሜላ ወረቀት ወጠርኩበት። ብርሃን ብቻውን ዝም ሲል ደስ አላለኝም። የብስክሌት ቃጭል ሆዱ ውስጥ አስገብቼ በሽቦ ከቃታው ጋር አያያዝኩት። ቃታውን ስትስበው ቀይ ብልጭ ይላል፣ ወዲያው ቂሊሊሊ ይላል። በመጨረሻ የዚያኑ ሬዲዮ አንቴና ጫፉ ላይ አቆምኩ። አንቴናው ሥዕሉ ላይ አልነበረም። እንዲሁ አምሮኝ ነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግቢዬ ወጥቼ ሞከርኩት። ወደ ቁልቋል አጥሩ አነጣጥሬ ተኮስኩ። ወደ ዶሮዎቹ ተኮስኩ። ደስ ብሎኝ አንቴናውን እስከ ጫፉ መዝዤ ወደ ሰማይም ተኮስኩ።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን እቴ ዘሐራ ፍየሎቿን ታስገባ ነበር። ያየችው አንድ ሰው ረጅም አንቴና ወደ ተራራው ቀስሮ ቀይ መብራት ሲያበራና ሲያጠፋ ነው። በዚያ ጊዜ ከቆቦ በላይ ባለው ተራራ ማን እንዳለ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ደንግጣ ለባሏ ነገረችው፣ ባሏ ለአብዮት ጠባቂ ነገረ። እራቴን ሳልበላ መጡና እኔንም ጠመንጃውንም ወሰዱን። እኔን ሁለት ሰው ያዘኝ። ጠመንጃውን ግን የሚይዝ ሰው ጠፍቶ እኔው ተሸክሜው ሄድኩ።

ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጠው አዘዘኝና ሁሉም ወደ ግድግዳው ሸሹ። የቲያትር ዕቃ ነው አልኩ። ሊቀመንበሩ የቲያትር ጠመንጃ ከእንጨት እንደሚሠራ፣ አንቴና ያለው የቲያትር ጠመንጃ ግን በሕይወቱ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። መምህር ታደለን ጠይቁ አልኩ። መምህሩ ለሮኬቱ የሚሆን ሸራ ሊዋስ ዋጃ ሄዶ ነበር። እስኪመጣ እዚያው አሳደሩኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከወንበዴ ጋር ተገናኝተሃል የተባለ ሰው ወደ ወልድያ ተወስዶ ሳይመለስ ሲቀር አይቻለሁ። በማላውቀው ዘመን ሰው የሚገድል ዕቃ ሠርቼ በዚህኛው ዘመን ልሞት ነው እያልኩ ነጋ።

ጠዋት መምህሩ መጣ፣ ከጦር ሰፈሩም የሬዲዮ መገናኛ የሚያውቅ አንድ ሃምሳ አለቃ ተጠርቶ መጣ። መምህሩ ጠመንጃውን ያዘዘው እሱ መሆኑን መሰከረ። አንቴናውን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ። እሱን እንኳ እኔ አላዘዝኩም አለ። ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። አልፈረድኩበትም፤ ልጆች አሉት።

ሃምሳ አለቃው ጠመንጃውን ገልበጥ አድርጎ አየው። ሬዲዮ አይደለም አለ። መሣሪያ ላለመሆኑ ግን እርግጠኛ አልነበረም። ጉዳት ከሌለው ራስህ ላይ ተኩስ አለኝ። አፈሙዙን ደረቴ ላይ አድርጌ ቃታውን ሳብኩ። ቀዩ በራ፣ ቃጭሉ ቂሊሊሊ አለ። ሊቀመንበሩ ከጠረጴዛው ጀርባ ቁጭ አለ። ተነሥቶ ልብሱን እያራገፈ፣ የሠራው ሰው መከላከያውን አስቀድሞ ሊያውቅ ስለሚችል በሌላ ሰው ላይ ይሞከር አለ።

ማን ላይ ተብሎ ተጠየቀ። አብዮት ጠባቂዎቹ አንዳቸው ሌላውን አዩ። መምህሩ ጫማውን አየ። ሊቀመንበሩ ኃላፊነት እንዳለበት ተናገረ።

ትርንጎ ቁርሴን በሳህን ይዛ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ቆማ ነበር። ውስጡ ያለው የእኔ ባትሪ ነው እያለች ለዘበኛው ስትነግረው ሰሚ አላገኘችም። አሁን ሳህኑን ለዘበኛው አስያዘችውና ገብታ ፊት ለፊቴ ቆመች። እጇን ደረቷ ላይ አጣጠፈች።

"እኔ ላይ ተኩስ" አለች።

የሠራሁት እኔ ነኝ። ውስጡ ያለውን ከብሎኑ እስከ ሽቦው አውቀዋለሁ። ሆኖም ባለቤቴ ላይ ሳነጣጥር ቃታውን መሳብ አቃተኝ። አንዴ አውርጄው ላቤን ጠረግኩ። እሷ ዓይኗን እንኳ አልጨፈነችም። ቃታውን ሳብኩ። በራ፣ ቂሊሊሊ አለ።

"ጨረስክ?" አለች። "በል እንጀራህን ብላ። ከዚያ ባትሪዬን ፍታልኝ።"

ሃምሳ አለቃው ሳቀ። እሱ ሲስቅ አብዮት ጠባቂዎቹ ሳቁ፣ በመጨረሻ ሊቀመንበሩም ሳቀ። ለቀቁኝ። አንቴናው ብቻ ለምርመራ ያስፈልጋል ተብሎ ተነቀለ። ቆይቼ በገበያ ቀን ሃምሳ አለቃው በብብቱ ይዞት በሚዞረው ሬዲዮ ላይ አይቼዋለሁ።

ትርንጎ ባትሪዋን እስከ በዓሉ ድረስ በስንት ልመና አዋሰችን። ቲያትሩ የታየው በትምህርት ቤቱ ሜዳ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። የጎብዬም የዋጃም ሰው መጥቶ ሜዳው ሞልቷል። ኢምፔሪያሊስቱን የሚጫወተው የክሊኒኩ ቁስል አሻጊ፣ ድሬሰሩ ነበር። ከሸራው ሮኬት ጭቁኖች ወረዱ፣ መሪያቸው ጠመንጃዬን አነጣጠረና ተኮሰ። መብራቱን በዚያ ፀሐይ ማን ያየዋል። የተሰማው ቃጭሉ ብቻ ነው። ሕዝቡ ብስክሌት የመጣ መስሎት ወደ ኋላው ዞረ፣ ከፊሉም መንገድ ለቀቀ። ኢምፔሪያሊዝም ሲሞት ያየው ሰው አልነበረም።

ድሬሰሩ ጥቂት ተጋድሞ ቆየና ጭብጨባ ሲያጣ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ተነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ጦሩን አንስቶ እንደገና ተኩሱኝ አለ። በሁለተኛው ሞት ጥሩ ተጨበጨበለት። ትርንጎ ከሁሉ በላይ ስትስቅ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ አንድ የዋጃ ገበሬ ቤቴ መጣ። ጨረሩ ይቅርብኝና ቃጭሉን ለማሽላዬ አድርግልኝ አለኝ፤ ግሪሳ ወፍ ፈጅቶበታል። ጣሳና ቃጭል አያይዤ ገመድ ሲሳብ የሚንኳኳ ነገር ሠራሁለት። ከዚያ ወዲያ ማሽላ በሚያሽትበት ወቅት ዋናው ሥራዬ እሱ ሆነ፣ ከኩራዝ ይልቅ በእሱ ታወቅሁ።

እቴ ዘሐራ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ስታየኝ ታፍር ነበር። አንድ ቀን አጥሩ ሥር ቆማ፣ "ምናለ አንዲት ቃል ብትነግረኝ ኖሮ" አለችኝ።

ይህን ሙያ ለያዛችሁ ወጣቶች የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ሰው አይቶት የማያውቀውን ዕቃ ቤታችሁ ስትሠሩ፣ ከመሞከራችሁ በፊት ለጎረቤት አሳዩ።