ሦስት ስል አራት የሚል እጅ

ስለ ራሴ ማጋነን አልወድም። ግን በዚያ ጊዜ በኬንያው ሞያሌ ከብት ተራ ውስጥ እንደኔ ዓይነት ጣት ያለው ደላላ አልነበረም። እምቢ የሚል ካለ ይምጣ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እኛ ጋ የከብት ዋጋ በአፍ አይጠራም። አሥር ሰው ከቦህ ጆሮውን አቁሞ እያለ ከጠራህ ገበያው አበቃለት። ስለዚህ እኔና ገዢው ቀኝ እጃችንን ፎጣ ስር እንከታለን። አንድ ጣቱን ከያዝኩ አንድ፣ ሁለት ከያዝኩ ሁለት፣ አምስቱንም ከጨበጥኩ አምስት ነው። ጣቱን ከወገቡ ላይ ከቆነጠጥኩት ደግሞ ግማሽ። ከላይ ስለ ዝናብ እናወራለን፣ የሰው ሚስት እናማለን፤ ከስር ጣቶቻችን ይከራከራሉ። እኔማ የገዢውን ላብ ዳስሼ የት ድረስ እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ትምህርት ቤት በበሩም አላለፍኩ፤ ማንበብ የለመድኩት ሎሪ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ነው። ዲግሪዬ እነዚህ ጣቶች ነበሩ፤ ቤቴም የሚበላው በነሱ ነበር።

ሞባይል ገና ብርቅ ነበር፤ እኔ ግን ነበረችኝ፣ ጡብ የምታህል። አንድ ቀን ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ ከተራው ወጥቼ በደረቁ ወንዝ በኩል ሳቋርጥ አንድ ሰው ከግራር ጀርባ ብቅ አለ። ሩንጉ የሚሉትን ባለ ድቡልቡል ራስ ዱላ ይዟል።

«ሌታ ሲሙ!» አለኝ፤ ስልኩን አምጣ ማለቱ ነው።

«ደውለህ ጠይቀኛ!» አልኩት።

አልሳቀም። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ሁለተኛውን ሲያነሳ በባዶ ቡጢ አፉን አልኩት። አንድ ጊዜ ብቻ! አሸዋው ላይ ቁጭ አለ፣ አፉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ደሙ በጣቶቹ መሀል ይንጠባጠባል። እኔም ሮጥኩ። አዎ፣ ያሸነፈም ይሮጣል።

የመሀል ጣቴ አንጓ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ነበረች። ሳላጥባት ተራው ውስጥ ይዣት ዞርኩ። «ይሄ የማን ጥርስ ነው?» ይሉኛል፤ «አልተዋወቅንም» እላለሁ። ሳቅ በሳቅ ሆንን። እስከ አሱር፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት ድረስ፣ እጄ አበጠና ጣቴ አልታጠፍ አለ።

ክሊኒክ ሄድኩ። በድብድብ ተጎዳሁ ካልክ የፖሊስ ወረቀት አምጣ ይሉሃል፤ ፖሊስ ደግሞ ኪፓንዴህን፣ መታወቂያህን፣ አሳይ ይላል። እኔ ኪፓንዴ አልነበረኝም። ስለዚህ፣ «የሎሪ በር እጄ ላይ ተዘጋብኝ» አልኩት ነጭ ጋዋን የለበሰውን ልጅ።

«ፖሌ፣ ምዜ» አለኝ። አይዞህ ሽማግሌው ማለቱ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመቴ ነበር፤ ከቁስሉ በላይ ያቺ አመመችኝ። አጥቦ በሦስት ክር ጥርቅም አድርጎ ሰፋልኝ። ስፌቱ ያምራል፤ የልጁ ጥፋት አልነበረም። በር የቆረጠውና ጥርስ የቆረጠው እኩል እንደማይሰፋ እኔ የት አውቄ? የዚያን ሰውዬ አፍ ቆሻሻ እጄ ውስጥ ከትቼ አስዘጋሁበት።

በሦስተኛው ቀን እጄ የምትታለብ ላም ጡት አክሎ ምሳ ቀረብኩ። ሚስቴ ጉርሻዋን መለሰችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እጅ ሸቷል።»

«ሽቶ ተቀብቼ ነው።»

«ጀግንነትህን እዚያው! ተነስ!»

ቦዳቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ከኋላዬ ሆና ደግፋ ወሰደችኝ። ክሊኒኩ ውስጥ በዚያ ቀን ያለችው ትልቅ ሴት ነርስ ነበረች። እጄን አገላብጣ አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«በሩ ስንት ጥርስ ነበረው?» አለችኝ።

እውነቱን አወጣሁ። ክሩን በጠሰችው። ጩኸቴን ኢትዮጵያ ማዶ ሰምተውታል፤ ያለ ኪፓንዴ ድንበር ተሻግሯል። ከመግሉ ጋር አንዲት የጥርስ ስባሪ ወጣች። «ይቺ ያንተ አይደለችም» ብላ ሳህን ላይ ጣለቻት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ጅማቱ እንደበሰበሰ፣ ጣቱ ሊቆረጥ እንደሚችል፣ ምናልባትም እጁ ጭምር እንደሆነ ነገረችን። ሚስቴ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ያን ጊዜ ቀልድ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም።

አልተቆረጠም፣ አልሃምዱሊላህ። ሁለት ወር በመርፌና በፋሻ ከረምኩ። ግን የመሀል ጣቴ እንደ ማጭድ ቆልመም ብሎ ደረቀ፤ አይዘረጋም፣ አይጨበጥም።

ተራው ስመለስ ከኡራን መንደር አንድ የድሮ ደንበኛዬ ሰንጋ ይዞ መጥቶ ነበር። የሰንጋው ጎድን ይቆጠራል። «ውሃ ጠፍቷል» አለኝ። «ከእንግዲህ መልሼ አልነዳውም፣ መንገድ ላይ ይወድቅብኛል። ሌላ የለኝም። ዛሬውኑ ሽጥልኝ።»

«በኔ ጣለው» አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ገዢውን ያዝኩ። ሦስት ጣቱን ስጨብጥ ፊቱን አኮሳትሮ እጁን ነጠቀኝ። «ቀልደኛ!» ብሎኝ ሄደ። ሁለተኛው ገዢም እንደዚያው። በግራ እጄ ልሞክር ብዬ ስዘረጋ ሦስተኛው ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ግራ እጅ ለሰው አይሰጥማ። የኡራኑ ሰው በሬውንና እኔን እያፈራረቀ ያያል።

የደላሎቹ ሽማግሌ መጥተው ፎጣቸውን እጃችን ላይ ጣሉ። «ሦስት በለኝ» አሉ በሹክሹክታ።

ያዝኩ።

«አራት አልከኝ። ሁለት በለኝ።»

ያዝኩ።

«ይሄ ሦስት ነው።»

ያ ማጭድ አጠገቡ ያለችውን ጣት እየጎተተ ይጨምራል፤ እኔ አይሰማኝም። ሁለት ወር ሙሉ ቆዳው ደንዝዟል።

«አንድ በለኝ፣ ልጄ።»

ባለ በሌለ ኃይሌ አንዲት ጣት ያዝኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰው እንዳይነቃብኝ እጄን ፎጣው ስር እንደያዙ ቆዩና ጮክ ብለው፣ «ዘንድሮ በዋልዳ በኩል ደመናው እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው» አልኩ።

ከዚያ ወደ ኡራኑ ሰው ዞረው፣ «በሬውን እኔ ልያዝልህ» አሉት። ሰውየው እኔን ቀና ብሎ አየኝ፤ በጭንቅላቴ እሺ አልኩት። አሱር ሳይደርስ በሬው ተሸጠ። እኔ ገመዱን ይዤ ቆሜ ነበር። የገዢው ሰው መጥቶ ገመዱን ሳበ።

«ልቀቀው እንጂ!» አለኝ።

ለቅቄዋለሁ። ያቺ ጣት ግን ገመዱን ቆልፋ ይዛለች። በግራ እጄ ፈልቅቄ አስለቀቅኳት፤ በሬው ወደ ሎሪው ሄደ።