ቡሊን የማን ነው?

ፔሪና ከሣርዲን ፋብሪካው ጡረታ በወጣች ዕለት ሦስት ነገር ይዛ ወደ ቤቷ ገባች ይላሉ የደሴቲቱ ሰዎች፦ የስንብት ስጦታ የተሰጣትን የግድግዳ ሰዓት፣ እንደ መቅዘፊያ የጠነከረ ቀኝ ክንድ፣ በሽርጧ የተጠቀለለ ቡችላ። ሰዓቱ በወሩ ቆመ። ክንዱና ውሻው ግን መንደሩን ሲያምሱት ይኸው ሰባት ዓመታቸው።

ክንዱ ከሰማይ አልወረደላትም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የዓሣ ሣጥን ከጀልባ ወደ ጋሪ ስትወረውር የኖረች ሴት፣ የወረወረችው ነገር የት እንደሚያርፍ ዓይኗን ጨፍናም ታውቀዋለች። ከቤቷ በታች ደግሞ ወንዶቹ ባሎቴ የሚጫወቱበት ሜዳ አለ። ባሎቴ ለሚያየው ሰው የልጅ ጨዋታ ነው፤ መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ኳስ ትጣላለች፣ ከዚያ ሁሉም በየተራው ከባዱን ኳስ ወደ እሷ ይልካል፣ ይበልጥ የቀረበ ነጥብ ያገኛል። ይኸው ነው። ነገር ግን በዚህችው ጨዋታ ሰበብ ያልተኳረፈ ወንድማማች በደሴቲቱ ላይ ቢፈለግ አይገኝም።

ከስድስት ዓመት በፊት ከመንደሩ አራት ተጫዋቾች አንዱን ወገቡን ያዘው። ፔሪና ከመስኮቷ ብቅ ብላ፣ "እኔ ልጣልላችሁ?" አለች። ሳቁ። ወረደች፤ ጣለች። ሳቁን አቆሙ። ያ ወገቡን የታመመው ሰውዬ ከዳነ በኋላም አልዳንኩም እያለ ነው የሚኖረው፤ ቦታውን መልሱልኝ ለማለት ፈርቶ ነው አሉ።

ወደ ውሻው እንምጣ። ያቺ ትንሿ ኳስ በአገሬው አፍ ቡሊን ትባላለች። ቡችላውም ያኔ ነጭ፣ ድቡልቡል፣ ጡጫ የሚያክል ነበርና ፔሪና ብዙም ሳትጨነቅ ቡሊን አለችው። ድቡልቡልነቱ ብዙ አልቆየም። እግሩ ረዘመ፣ ወገቡ ረዘመ፣ አንዱ ጆሮው ቆሞ ሌላው እንደተኛ ቀረ፤ ዛሬ ለጥጃ ጥቂት የቀረው ፍጥረት ነው። ስሙ ግን አብሮ አላደገም።

የሁለቱን ቀን መንደሩ በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል። ፀሐይ ሳትበረታ ባሕር ይወርዳሉ። እሱ ፊት ፊት ይዋኛል፤ እሷ የገለባ ባርኔጣዋን እንደደፋች ከኋላ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ። ሲመለሱ በዳቦ ቤቱ ጥግ ያለው ሰሌዳ ላይ የተለጠፉትን የሞት ማስታወቂያዎች ታነብለታለች። "ስማ ቡሊን፣ ያቺ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ የነበረችው ሄደች። ዘጠና አንድ ይላል፤ እሷ ግን ለኔ ሰማንያ አራት ነበር ያለችኝ።" ውሻው ነገሩን ካሰበበት በኋላ ከሰሌዳው እግር ሥር የራሱን ማስታወቂያ ትቶ ይሄዳል።

ቀትር ላይ ቆስጣና ድንች ትቀቅላለች፣ ሣርዲን ትጠብሳለች፤ ራሱ የእሱ፣ ጅራቱ የድመቶቹ፣ መሐሉ የእሷ። ከዚያ እሱ በወጥ ቤቱ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ሆዱን አስጥቶ ሲተኛ፣ እሷ እግሯን ጀርባው ላይ አሳርፋ የጋዜጣውን የቃላት እንቆቅልሽ ትሞላለች። "ሦስት ፊደል፣ ግትር እንስሳ" ብላ ታነባለች ጮክ ብላ። "ፕሮሽፔር እንዳልል አምስት ነው፣ አይገባም።"

ፕሮሽፔር የሟች ባሏ ወንድም ነው፤ የባሎቴ ማኅበሩም ሊቀመንበር። ደንብ መጻፍ የሚወድ ሰው ነው። ለማኅበሩ አርባ ሦስት አንቀጽ ደንብ ጽፏል፤ አባላቱ አሥራ ሁለት ናቸው።

ጠቡ የመጣው በግንቦት ነው። ከላይኛው መንደር ጋር እየተጫወቱ ሳለ ፕሮሽፔር የራሱን ተጫዋች ሲያደፋፍር፣ "ወደ ቡሊን! ቡሊን! ቡሊን!" ብሎ ጮኸ። ሦስት ጊዜ ስሙ የተጠራ ውሻ ምን ያድርግ? ተነሣ፣ ጅራቱን እየቆላ መጣ፣ ትንሿን ኳስ አፉ ውስጥ አድርጎ ለፕሮሽፔር አስረከበው። ጨዋታው ተበላሸ። ፕሮሽፔር በማግስቱ ስብሰባ ጠራ።

"ውሻሽን አስተምሪ" አላት በሰው ፊት።

"ምን ብዬ ላስተምረው?"

"ሲጠሩት እንዳይመጣ!"

"ሲጠሩት የማይመጣ የሚፈልግ ሰው ድመት ያሳድግ።"

"እንግዲያው ስሙን ለውጪ።"

"ሰባት ዓመት በዚህ ስም በልቶ፣ በዚህ ስም ተኝቶ? ለምን የኳሷን ስም አንለውጥም?"

"የአያቶቻችን ቃል ነው እኮ፣ አንቺ ሴት!"

"አያቶቻችን ቢጠሯቸው አይመጡም። ውሻው ይመጣል።"

ቤቱ ሳቀ። ፕሮሽፔር ቀላ። "ለመሆኑ ውሻ ከሰው ጋር ሜዳ ላይ ምን ይሠራል?" ሲል፣ እሷ መልሱን ካዘጋጀችው የቆየች ይመስል፣ "ነሐሴ ሲመጣ የቅዱስ ሮክን ሐውልት ትሸከም የለም? እግሩ ሥር ዳቦ በአፉ የያዘ ውሻ አለ። የእንጨቱን በትከሻህ ተሸክመህ መንደሩን ትዞራለህ፤ በራሱ እግር የሚሄደው ነው የከበደህ?" አለችው።

መሐል የገቡት ዶን ኩዝማ ናቸው፤ ቄሱ። እርስ በርስ የሚተማመን ሰው ስለጠፋ የጨዋታው ዳኛም እሳቸው ናቸው። እንዲህ አሉ፦ ውሻው እስከ ቅዱስ ሮክ በዓል ድረስ ከሜዳው ዳር ካለው ግንብ ሥር ሆኖ ይመልከት፤ ተጫዋቾቹም ትንሿን ኳስ "ትንሿ" ይበሏት። ውሻው በዓሉ እስኪያልፍ ሜዳ ካልረገጠ ቦታው የዘላለም ይሁን፤ አንድ ጊዜ ከረገጠ ግን ዳግመኛ አይምጣ። ፕሮሽፔር በመዝገቡ ጻፈው፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ፔሪና ቅንጣት አልሰጋችም። ለጎረቤቶቿም፣ "ለውሻው አይደለም የምፈራው፣ ለሽማግሌዎቹ ነው" አለች። እንዳለችው ሆነ። ቡሊን ሦስት ወር ሙሉ አገጩን እግሮቹ ላይ አሳርፎ እንደ ደህና ምእመን ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ናቸው ያስቸገሩት። "ቡሊን" የሚል ቃል ያመለጠው ሰው ማታ ማታ ሜዳውን ውኃ እንዲያርከፈክፍ ተወስኖ ነበርና፣ ፕሮሽፔር ሰኔን በሙሉ ባልዲ ተሸክሞ አሳለፈ። ፔሪና ከመስኮት ሆና፣ "ቲማቲሜንም አጠጣልኝ እንጂ፣ እዚያው እያለህ!" ትለዋለች።

በዓሉ ደረሰ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የዚያ ዓመት ጉድ ነሐሴ ላይ ነበር። ጠዋት ቅዱሱን ከነውሻው አዞሩት፤ ከሰዓት በኋላ ከላይኛው መንደር ጋር ለበዓሉ በግ ጨዋታ ተጀመረ። በጉ ቀይ ጥብጣብ አንገቱ ላይ ታስሮለት ከወይራው ዛፍ ሥር ያመሰኳል። የላይኛው መንደር አለቃ ሉክሻ ነው፤ በር የሚያክል ሰው፣ ድምፁ ግን እንደ ሙሽራ የሚለሰልስ። የኳሷ ስም ስለ መለወጡ ለሉክሻ የነገረው ሰው የለም። ይህን ሁሉ ወሬ የሚያመላልስ መንደር ዋናውን ወሬ ረሳው!

አሥራ ሁለት ለአሥራ ሁለት ደረሱ። አሥራ ሦስተኛውን ያገኘ በጉን ይወስዳል። ፔሪና ጣለች፤ ኳሷ ተንከባሎ ተንከባሎ ከትንሿ አንድ ጣት ርቆ ቆመ። አሁን የቀረው አንድ ኳስ ብቻ ነው፤ እሱም በሉክሻ እጅ።

ሉክሻ ኳሱን ከለቀቀ በኋላ አብሮት የሚሮጥ፣ የሚለምን፣ የሚያባብል ዓይነት ተጫዋች ነው። ወረወረና እጆቹን ዘርግቶ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ "ቡሊንዬ! ቡሊኔ! የኔ ቆንጆ ቡሊን!" አለ።

በግንቡ ሥር የቆመው ጆሮ ይበልጥ ቆመ። የተኛውም ተነሣ። ወንድ ልጅ እንዲህ ባለ ፍቅር ጠርቶት አያውቅም። ቡሊን ሜዳውን አቋርጦ ሄደ፣ ትንሿን ኳስ አነሣ፣ የሉክሻ ጫማ ላይ በክብር አስቀመጣት። የሉክሻ ኳስ ያኔ ሁለት ስንዝር ርቆ ከቆመ ቆይቷል።

ጩኸቱ እስከ ዋናው ምድር ተሰማ አሉ። ዶን ኩዝማ እጃቸውን አነሡ።

"ሕጉን ታውቃላችሁ። ባዕድ ከነካት ትንሿ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ የፔሪና ኳስ ስለቀረበ በጉ የታችኛው መንደር ነው። የቡድን ሰው ከነካት ግን ያ ቡድን ተሸንፏል። እንግዲህ ንገሩኝ፤ ይህ ውሻ የማን ነው?"

"የማንም!" አለ ፕሮሽፔር ከሁሉም ቀድሞ። "የመንገድ ውሻ ነው! መዝገቡም ይመስክር፤ ሜዳ ረግጧል፣ ተባሯል፣ ባዕድ ነው!" ወደ ፔሪናም ጠጋ ብሎ፣ "ዝም በይ ብቻ" አላት በሹክሹክታ። "አንዲት ቃል እንዳይወጣሽ። በጉ የኛ ነው።"

በአገሩ ፔሪና ማለት ጴጥሮስ በሴት ሲሆን ነው፤ ዶን ኩዝማ ይህንኑ አስበው ይሁን አይታወቅም፣ ዶሮ ይጮህ እንደሆን እንደሚያዳምጥ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

ፔሪና የመዳፏን አቧራ በቀሚሷ ጠረገች።

"የኔ ነው" አለች። "ጠዋት አብሮኝ ይዋኛል፣ ቀን እግሬ ሥር ይተኛል። ሦስት ወር ሙሉ ደንቡን ያከበረው እሱ፣ ባልዲ የተሸከማችሁት እናንተ። የኔ ከሆነ፣ እኔም የቡድኑ ከሆንኩ፣ እሱም የቡድኑ ነው። በጉን ውሰደው ሉክሻ።"

"አበድሽ እንዴ!" አለ ፕሮሽፔር።

"በጉ ነገ ተበልቶ ያልቃል፣ ፕሮሽፔር። ይሄ ግን ነገም ፊቴን ያየኛል። ምን ብዬ ልየው?"

ዶን ኩዝማ ፈረዱ፤ ድሉ የላይኛው መንደር ሆነ። ሉክሻ በጉን እንደ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠመጠመ፤ አንድ እጁ ግን የቡሊንን ጆሮ እያከከ ነበር። ፕሮሽፔር መዝገቡን ገልጦ መጣ።

"መልካም፣ ተሸነፍን! ስምምነት ግን ስምምነት ነው። ውሻው ሜዳ ረግጧል፤ ዳግመኛ አይምጣ።"

"ቀስ በል" አሉት ዶን ኩዝማ። "አሁን የፈረድኩት ምን ብዬ ነው?"

"የቡድን ሰው ነካት ብለው።"

"የቡድኑ ካልሆነ፣ ሂድና በጉን ከሉክሻ አንገት ላይ ፍታ።"

ፕሮሽፔር ወደ ሉክሻ አየ። የሉክሻን ትከሻ አየ። አልሄደም።

"የቡድኑ ከሆነ ደግሞ አባል ነው። አባል በጠቅላላ ጉባኤ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልሆነ አይባረርም። አንቀጽ ስንት ነበር?"

"ሠላሳ ስድስት" አለ ፕሮሽፔር ጥርሱን ነክሶ። የገዛ ጽሑፉ ነዋ!

"ድምፅ እንስጥ?" አሉ ቄሱ። በጉን አጥቶ የተናደደው ሁሉ እጁን የሚያወጣ መስሎት ፕሮሽፔር ዞር ብሎ አየ። ግን በግ ሲወሰድባት ያላለቀሰች ሴት ፊት ቆሞ ውሻሽ ይውጣ የሚል ወንድ አልተገኘም። አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ ወይራውን። የወጣችው አንዲት እጅ የፕሮሽፔር ነበረች፤ እሷም ብቻዋን መሆኗን ስታውቅ ራስ ወደ ማከክ ዞረች። ብዕሩን አወጣና፣ "ቡሊን፣ አባል" ብሎ ጻፈ።

ፔሪና በትከሻው ላይ አጮልቃ፣ "የአባት ስም የሚለውን ባዶ ተወው" አለችው። "የሰው ትዳር አንበጥብጥ።"

በኅዳር የደቡብ ነፋስ ዝናቡን ይዞ መጣ፤ ግማሹ ማኅበርተኛ ጉንፋን ያዘው። የዓመቱ ጉባኤ እንዲሞላ ሰባት አባል ያስፈልጋል፤ የመጡት አምስት ናቸው። ፕሮሽፔር ዣንጥላውን ይዞ የፔሪናን በር አንኳኳ።

"ተነሺ፣ ስብሰባ ነው።"

"እኔ ብመጣ ስድስት ናችሁ።"

"አውቃለሁ።" ጉሮሮውን ጠረገ። "እሱስ? አለ?"

"ተኝቷል።"

"ቀስቅሺያ!"

"ዝናብ አይወድም፣ ፕሮሽፔር። ጆሮው ውስጥ ይገባበታል፤ በተለይ በቆመው።"

ሦስቱ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ያየ ሁሉ እስካሁን ያወራል። ፔሪና በባርኔጣዋ ፊት ፊት ትሄዳለች። ከኋላዋ ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ፣ ዣንጥላውን ወደ ታች፣ ቡሊን ላይ ዘርግቶ፤ ጀርባው በሙሉ እየራሰ።